ከዋት በፊት ኦም፦ የመኪና አምፕሊፋየርን ከስፒከርና ከሰብውፈር ጋር ማዛመድ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ አምፕሊፋየር (የቴፑን ድምፅ አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልክ ዕቃ፣ ባጭሩ አምፕ) የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ በትልቁ በታተመው ቁጥር ላይ ነው። 2000 ዋት፣ 3000 ዋት፣ አንዳንዱ እንዲያውም 5000። ሻጩም የሚጠራለት ያንኑ ቁጥር ነው። ገዢው የጎረቤቱን ባለ 2000 አስቦ ባለ 3000ውን ተሸክሞ ይወጣል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሰፈሩን ሲያናውጥ ይሰነብትና አንድ ቀን መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸተዋል።

ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሴ ኮሮላ ላይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብውፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ገጥሜ ወደ ሐረር ስወጣ፣ የደንገጎን ዳገት ሳላጋምስ ድምፁ ቁርጥ አለ። ዳር ይዤ ወርጄ አምፑን ብነካው እጅ አያስነካም። ጥፋቱ የሻጩም የመንገዱም አልነበረም። አምፑ ከ2 ኦም በታች አይችልም፤ እኔ ያሰርኩበት ጭነት 1 ኦም ነበር። ዋቱን ሦስት ጊዜ አስልቼው ነበር፤ ኦሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። ይህ መመሪያ ከዋት የማይጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ወረቀትና እርሳስ። ወረቀትና እርሳሱን የናቀ ሰው ቆይቶ ሁለተኛ አምፕ ይገዛል።

አንደኛ፦ የስፒከሮቹን ኦም ይለኩ

ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው መቋቋም ነው። ለአምፑ እንደ ጭነት ይቆጠራል፤ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሸክሙ ይከብዳል። ባለ 2 ኦም ስፒከር ከባለ 4 ኦሙ ሁለት እጥፍ ያህል ጅረት ከአምፑ ይስባል። አምፑ ያን ያህል ለመስጠት ካልተሠራ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ መከላከያው ደካማ ከሆነ ደግሞ ይቃጠላል።

አብዛኛው የመኪና ስፒከር 4 ኦም ነው። 2 ኦም፣ 3 ኦም እና 8 ኦም የሆኑም አሉ። ከጀርባው ማግኔት ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ወይም ካላመኑት ስፒከሩን ከማንኛውም ሽቦ ነጥለው በቴስተር ይለኩት። ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርገው መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ። ርካሽ ቴስተር እዚህ ላይ 0.3 ወይም 0.5 ያሳያል፤ ይህ የራሱ የሽቦው መቋቋም ስለሆነ ከሚያገኙት ቁጥር ላይ ይቀንሱት። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ 4 አያሳይም፤ ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ባለ 2 ኦሙ ደግሞ ከ1.6 እስከ 1.9። ይህ ጉድለት ሳይሆን በቀጥታ ጅረትና ሙዚቃ በሚሸከመው ተለዋዋጭ ጅረት መካከል ያለው የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ምንም ካላነበበ ጠምጠሙ፣ ማለትም በስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ተበጥሷል፤ 0 አካባቢ ካነበበ ተቃጥሎ ተጣብቋል። ያገለገለ ሰብውፈር ሲገዙ ይህን ሳይለኩ ገንዘብ አያውጡ።

ሰብውፈሩ አራት የሽቦ መያዣ ካለው ሁለት ጠምጠም አለው ማለት ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ይለኩ፣ ይጻፉ።

ሁለተኛ፦ እውነተኛውን ዋት ይፈልጉ

በካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር የቅጽበት ጫፍ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አይደለም። የሚፈለገው አርኤምኤስ የሚባለው፣ ዕቃው ሳይቋረጥ ሊሸከመው ወይም ሊሰጠው የሚችለው ኃይል ነው። በመመሪያ ወረቀቱ ውስጥ በትንሽ ጽሑፍ ይገኛል፤ ከኦም ጋር ተያይዞ መጻፍ አለበት። «75 ዋት በ4 ኦም» ሙሉ መረጃ ነው፤ «75 ዋት» ብቻውን ግን ግማሽ ወሬ ነው። ሲቲኤ-2006 የሚል ምልክት ካገኙ አምራቹ ኃይሉን በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት ለክቶ እንደጻፈ ይወቁ።

ወረቀቱ ከጠፋ ወይም ካላመኑት ፊውዙን ይጠይቁት። ፊውዝ አይዋሽም። በአምፑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች አምፔር ይደምሩ፣ በ13.8 ያባዙ። ይህ አምፑ ከባትሪ ሊወስድ የሚችለው ኃይል ነው። ክላስ ዲ እና ክላስ ኤቢ የአምፕ አሠራር ዓይነቶች ናቸው፤ አምፑ ክላስ ዲ ከሆነ 80 በመቶ ያህሉን፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ከ50 እስከ 60 በመቶውን ወደ ስፒከር ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ምሳሌ፦ «3000 ዋት» ተብሎ የተሸጠ ክላስ ዲ አምፕ ሁለት ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ቢኖረው፣ 50 ሲባዛ በ13.8 ስንት ነው? 690 ዋት። የዚህ 80 በመቶ 552 ነው። ስለዚህ ሦስት ሺው አምስት መቶ ሃምሳ ሆነ። መጥፎ አምፕ ላይሆን ይችላል፤ ስሙ ብቻ ነው የከበደው።

ሦስተኛ፦ የሰብውፈሩን አስተሳሰር በወረቀት ላይ ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ሁለት ጠምጠሞችን ወይም ሁለት ስፒከሮችን ማሰር የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። በተከታታይ ሲታሰሩ የአንዱ ፖዘቲቭ ወደ አምፑ ፖዘቲቭ ይሄዳል፣ የዚያው ኔጋቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛው ኔጋቲቭ ወደ አምፑ ይመለሳል። ኦሞቹ ይደመራሉ፦ 4 እና 4 ስምንት ይሆናል። በትይዩ ሲታሰሩ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይጋጠማል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ኦሙ በግማሽ ይቀንሳል፦ 4 እና 4 ሁለት ይሆናል። እኩል ካልሆኑ ሁለቱን አባዝተው ለድምራቸው ያካፍሉ። 4 እና 2 በትይዩ 8 ሲካፈል ለ6 ነው፤ 1.33 ገደማ። ግን እኩል ያልሆኑ ሰብውፈሮችን በአንድ አምፕ ላይ አያስሩ፤ ኃይሉን እኩል አይካፈሉም።

አሁን ወደ እውነተኛው ዕቃ እንምጣ። አንድ ሰብውፈር ሁለት ባለ 4 ኦም ጠምጠም ካለው ምርጫው 2 ኦም ወይም 8 ኦም ነው፤ 4 ኦም ማድረግ አይቻልም። ጠምጠሞቹ ባለ 2 ኦም ከሆኑ ምርጫው 1 ወይም 4 ነው። ሁለት ጠምጠም ካለው ሰብውፈር አንዱን ብቻ አስሮ ሌላውን ባዶ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ ሰብውፈሩ የሚሸከመው ኃይል በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ሁለት ሰብውፈሮች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 4 ኦም ጠምጠም ካላቸው፣ አራቱንም በትይዩ ማሰር 1 ኦም ይሰጣል። በደንገጎ የቆምኩት በዚህ ነው። የእያንዳንዱን ሰብውፈር ጠምጠሞች በተከታታይ አስሮ 8 ኦም ካደረጉ በኋላ ሁለቱን ሰብውፈሮች በትይዩ ማጋጠም ደግሞ 4 ኦም ይሰጣል። እነዚሁ ሰብውፈሮች ባለ 2 ኦም ጠምጠም ቢኖራቸው በዚሁ በሁለተኛው መንገድ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ለአብዛኛው ባለ አንድ ቻናል (አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ያለው) አምፕ የሚስማማው ይኸኛው ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሰብውፈሩን ከመግዛትዎ በፊት አምፑ በስንት ኦም እንደሚሠራ ይወቁ እንጂ ገዝተው መጥተው አይፈልጉለት።

ብሪጅ የሚባለውም አስተሳሰር ተንኮል አለበት። የባለ አራት ቻናል አምፕን ሁለት ቻናሎች አንድ አድርጎ ሰብውፈር ማንቀሳቀስ ይቻላል። ነገር ግን 4 ኦም ሰብውፈር በብሪጅ ሲታሰር እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው 2 ኦም ነው። 2 ኦም ሰብውፈር ቢታሰር ደግሞ እያንዳንዱ 1 ኦም ያያል፤ ይህን የሚችል ባለ አራት ቻናል አምፕ እምብዛም የለም። በአምፑ ጀርባ «ብሪጅ፣ ቢያንስ 4 ኦም» ተብሎ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም።

አራተኛ፦ ዋቱን ያዛምዱ

ኦሙ ከታወቀ በኋላ ዋት ቀላል ነው። አምፑ በዚያው ኦም የሚሰጠው አርኤምኤስ ስፒከሩ ከሚሸከመው አርኤምኤስ ከሦስት አራተኛው እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ባለው መካከል ቢሆን ይበቃል። እኔ ከስፒከሩ ጥቂት የሚበልጥ አምፕ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሳይጨናነቅ ይሠራል።

«ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ አምፕ በአቅሙ ልክ ቢሠራ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ባለቤቱ አልበቃው ብሎ እስከ መጨረሻ ሲከፍተው ነው። የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ እንደ ሳጥን ይሆናል። ፍጹም ሳጥን የሆነ ሞገድ፣ ጫፉ ከእሱ ጋር እኩል የሆነ ለስላሳ ሞገድ የሚሸከመውን ኃይል ሁለት እጥፍ ይሸከማል። ባለ 50 ዋቱ አምፕ ወደ 100 ዋት ሲገፋ መጀመሪያ የምትሞተው ትዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ናት።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ድምፁ እንዲጮኽልዎ ከፈለጉ ከዋት በፊት የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ ይመልከቱ፤ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ የሚናገረውን ቁጥር ማለቴ ነው። ድምፅን 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 92 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ50 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 87 የሆነው የሚሰጠው በ158 ዋት ገደማ ነው። ባጃጅ ላላችሁ ወንድሞቼ ይህች አንቀጽ ትበቃችኋለች። የባጃጅ ባትሪና ጀነሬተር የተሠራው ለማስነሻና ለመብራት ነው፤ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ጥንድ ስፒከርና አነስተኛ አምፕ ይግጠሙ፣ ሰብውፈሩን ይርሱት።

ለቀሪው ጽሑፍ አንድ መኪና ይዘን እንሂድ። ሁለት የፊት በር ስፒከሮች፣ 4 ኦም፣ 60 ዋት አርኤምኤስ፤ ሁለት የኋላ ስፒከሮች፣ ተመሳሳይ፤ አንድ ባለ 12 ኢንች ሰብውፈር፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ጠምጠም፣ 300 ዋት። ለበሮቹ በ4 ኦም ከ60 እስከ 75 ዋት በቻናል የሚሰጥ ባለ አራት ቻናል አምፕ፤ ለሰብውፈሩ በ2 ኦም ከ300 እስከ 400 ዋት የሚሰጥ ባለ አንድ ቻናል ክላስ ዲ። ጠምጠሞቹ በትይዩ ይታሰራሉ። አለቀ።

አምስተኛ፦ መኪናው ይችላል?

የሰብውፈሩ አምፕ 300 ዋት ለመስጠት፣ 300 ሲካፈል ለ0.8፣ ከዚያም ለ13.8፣ 27 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ባለ አራት ቻናሉ ክላስ ኤቢ ቢሆን 240 ዋቱን ለመስጠት 32 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። ድምሩ 59 ነው። ሙዚቃ ዝምታና ጩኸት የተቀላቀለበት ስለሆነ አማካዩ የዚህ ሲሶ ቢሆን ነው። ትናንሽ መኪኖች ላይ ያለው አልተርኔተር (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ) ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 አምፔር የሚሰጥ ነው፤ ቁጥሩ ከላዩ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ያን የሚሰጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነው። ለገሃሬ አካባቢ ቆመው፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ ኤርኮንዲሽነሩ በርቶ፣ ሙዚቃው ሲጮኽ መብራቱ በምቱ ልክ ብልጭ ድርግም ካለ አልተርኔተሩ አቅቶታል ማለት ነው። በድሬና በሐረር ጎዳናዎች አሁንም የሚታዩት የድሮ ፔጆ 404 ታክሲዎች ላይ ከሆነ የሚገጥሙት፣ አልተርኔተሩን ሳያዩ አምፕ አይግዙ። ለድሮ መኪና የበሩን ስፒከሮች የሚያንቀሳቅስ አነስተኛ አምፕ ክብሩ ነው።

ሽቦው ላይ አይቆጥቡ። ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን፣ 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ፣ ማለትም ባለ 4 ጌጅ የሚባለው፣ በ60 አምፔር ሩብ ቮልት ብቻ ያጠፋል። 8 ካሬው ግን ከግማሽ ቮልት በላይ ይበላል። ገበያ ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በብዛት አለ። ከሽቦው አንዲት ክር መዝዘው በቢላ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ እሱኑ የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ይግዙ።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጣል፤ ለዚህ መኪና 80 አምፔር ይበቃል። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን ሽቦውንና መኪናውን ነው። ሽቦው ላሜራ ላይ ተላጦ ቢነካ ያለ ፊውዝ እሳት ነው።

ስድስተኛ፦ ቦታና ሙቀት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷን ለነዋሪዋ መንገር አያስፈልግም። አምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየር ነው። በፀሐይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ አየሩ ራሱ ትኩስ ስለሆነ፣ ሐረር ላይ ያለ ችግር የሚሠራው አምፕ ድሬ ላይ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ለምንኖር ሰዎች ክላስ ዲ ተገቢ ምርጫ ነው። አምፑን በምንጣፍ አይሸፍኑት፣ በሰብውፈሩ ሣጥን ላይም አይቸንክሩት፤ ንዝረቱ የውስጥ ብየዳውን ያላቅቃል። ከመቀመጫ ሥር ካስገቡት አየር የሚዘዋወርበት ጥቂት ጣት ክፍተት ይተዉ። ሚኒባስ ላይ ግን ከፊት መቀመጫ ሥር ፈጽሞ አያስቡት፤ እዚያ ያለው ሞተሩ ነው። ማራገቢያ ያለው አምፕ ከሆነ ደግሞ የድሬ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው በየጥቂት ወሩ ይጥረጉት።

ሰባተኛ፦ ማሰር

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የኃይል ሽቦውን በአንድ ጎን፣ የድምፅ ኬብሉን በሌላው ጎን ያሳልፉ፤ ጎን ለጎን ከሄዱ ሞተሩ ሲጦፍ አብሮ የሚጦፍ ፉጨት ይሰማሉ። ማሳው፣ ማለትም ከአምፑ ኔጋቲቭ ወደ መኪናው ላሜራ የሚሄደው ሽቦ፣ አጭር ይሁን፣ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። የሚያርፍበትን ላሜራ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቁ፣ በቡሎን አጥብቀው ያስሩ። የፉጨቱም ሆነ የደከመ ድምፅ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ይህችው ማሳ ናት። ከቴፑ የሚመጣው ቀጭን ማስነሻ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሰማያዊና ነጭ፣ አምፑን ከቴፑ ጋር አብሮ ያበራዋል፤ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ካሰሩት ጠዋት መኪናው አይነሳም።

ከመዝጋትዎ በፊት የፖዘቲቭና የኔጋቲቭን አቅጣጫ ያረጋግጡ። 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በሰብውፈሩ ሽቦ ላይ ለቅጽበት ሲነካ፣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ ጋር ከሆነ የሰብውፈሩ ወረቀት (የሚርገበገበው ፊቱ) ወደ ውጭ ይወጣል። በሩ ላይ ካሉት ሁለት ስፒከሮች አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ ባሱ ይጠፋል።

ስምንተኛ፦ ጌይን

ጌይን በአምፑ ላይ ያለች መዞሪያ ናት፤ የድምፅ መጨመሪያ ግን አይደለችም። ሥራዋ የቴፑን ምልክት ከአምፑ አቅም ጋር ማገናኘት ነው። ባስ ቡስትን (የባስ ማጎያውን) ያጥፉ፣ የቴፑን ኢኳላይዘር ዜሮ ላይ ያድርጉ። የስፒከር ሽቦዎቹን ከአምፑ ይንቀሉ፤ የቴፑን ድምፅ ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ ያድርጉ፤ ለሰብውፈሩ የ50 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፣ ለበሮቹ የ400 ሄርዝ ንጹሕ ቃና ከስልክ ወይም ከፍላሽ ያጫውቱ። ይህን ሲለኩ ከፊሉን ድምፅ የሚያግዱት የአምፑ ማጣሪያዎች ይጥፉ። ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርገው የአምፑን የስፒከር መውጫ ይለኩ። ከ400 ሄርዝ በላይ ርካሽ ቴስተር በትክክል አያነብም፤ ለዚህ ነው 1000 ያላልኩት።

የሚፈለገው ቮልት ዋቱን በኦሙ አባዝቶ ሥሩን መውሰድ ነው። 60 ሲባዛ በ4፣ 240፤ ሥሩ 15.5 ቮልት። ለሰብውፈሩ 300 ሲባዛ በ2፣ 600፤ ሥሩ 24.5። ጌይኑን ከዝቅተኛው ጀምረው በዝግታ እያዞሩ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። የአምፑ አቅም ከስፒከሩ ካነሰ በአምፑ ዋት ያስሉ፤ ሁልጊዜ የሚመረጠው ትንሹ ነው።

ከዚያ በኋላ ማጣሪያዎቹን ይመልሱ። በሮቹ ከ80 ሄርዝ በታች ያለው እንዳይደርሳቸው ይታገዱ፣ ሰብውፈሩ ከ80 በላይ ያለው አይድረሰው። ሣጥኑ ቀዳዳ ያለው ከሆነ እጅግ ወፍራሙን ድምፅ የሚያግደውን ሰብሶኒክ ማጣሪያ ከ25 እስከ 30 ሄርዝ ላይ ያድርጉ፤ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ከዚያ በታች ወረቀቱን የሚይዘው አየር ስለሌለ ከመጠን በላይ ይወራጫል።

ስፒከሮቹን መልሰው ያስሩ፣ የሚያውቁትን ሙዚቃ ያጫውቱ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱ። ሲመለሱ አምፑን በእጅዎ ይንኩት፦ መሞቁ ደግ ነው፤ አምስት ሰከንድ እጅ ካላስቀመጠ ወደ ሦስተኛው ክፍል ተመልሰው ኦሙን እንደገና ይቁጠሩ። በሳምንቱ የባትሪውንና የማሳውን ቡሎኖች አንድ ጊዜ አጥብቋቸው፤ የድሬ መንገድ ያላላቸዋል።